ወገዳ፦ 4808፣ 4872፣ 4851

ወገዳ ላይ የገበያ ቀን ለእህል ነጋዴው ብቻ አይደለም፤ ለኮምፒዩተር ጸሐፊዋም ነው። ከቆላው ወገን፣ ወደ ዐባይና ወደ በሽሎ ከሚያዘቀዝቀው አገር ሌሊቱን ሲጓዙ ያደሩ ገበሬዎች ፍየላቸውን ሸጠው፣ ጨውና ዘይታቸውን ገዝተው ሲያበቁ ወደ ወረዳው መሥሪያ ቤቶች ጎራ ማለታቸው አይቀርም። ለዚያ ደግሞ ማመልከቻ ያስፈልጋል። ዱሮ ማመልከቻ የሚጻፈው ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ በሚቀመጥ ጸሐፊ እጅ ነበር፤ አሁን «የኮምፒዩተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ታፔላ ያንጠለጠለች ጠባብ ክፍል ተክታዋለች።

ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ዱላቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሀል አቁመው የልጅቱን ጣቶች ይከተላሉ።

«ወሰን ገፍቶ አረሰብኝ በይልኝ፣ ልጄ።»

«ማን ነው የገፋው አባባ? ስሙን ከነአባቱ ይንገሩኝ፤ ‹እገሌ› ተብሎ አይጻፍም።»

ስሙን ነገሯት። አንድ ቁልፍ ስትነካ «ግ» ብቅ አለ፤ ሁለተኛ ስትጨምር «ግ»ው እዚያው ቦታው ላይ «ጋ» ሆነ። ሽማግሌው አንገታቸውን ሰገግ አድርገው የቁልፎቹን ገበታ አዩና፣ «ይኸ እኮ የፈረንጅ ፊደል ነው። የኛው የት አለ?» አሉ።

«የኛው ውስጡ ነው አባባ» አለች፣ ሳትቆም።

እውነቷን ነው። ገበታው ላይ የተለጠፈው ፊደል የፈረንጅ ነው፤ የኛው ውስጥ ነው ያለው። እንዴት ገባ? ማን አስገባው? የኮምፒዩተር ታሪክ ሲነገር ስማቸው የሚጠራው የካሊፎርኒያና የኒው ሜክሲኮ ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ይኸ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል። ታሪኩን ለመናገር ግን ከእነሱ መነሣት ግድ ነው፤ ምክንያቱም ችግሩን የፈጠሩት እነሱ ናቸው።

ዘመኑ 1967 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ጥር 1975 ነው። አዲስ አበባ ላይ ደርግ ባንኮችንና ኢንሹራንሶችን በወረሰበት ወር፣ አሜሪካ ውስጥ «ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» የተባለ መጽሔት ሽፋኑ ላይ የአንድ ሰማያዊ ሳጥን ፎቶግራፍ ይዞ ወጣ። ሳጥኑ አልቴር 8800 ይባላል። አልበከርኪ በሚባል የኒው ሜክሲኮ ከተማ፣ ኤድ ሮበርትስ የተባለ መሐንዲስ ሚትስ በተባለው ኪሳራ አፋፍ ላይ በደረሰ ድርጅቱ ውስጥ የሠራው ነው። የኢንቴል 8080 ማይክሮፕሮሰሰር አለው። 400 ዶላር ገደማ የላከ ሰው ፍርክስክሱ በፖስታ ይደርሰዋል፤ በይዶ የሚገጣጥመው ራሱ ነው። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው። ፊት ለፊቱ ላይ ማብሪያ ማጥፊያዎችና ቀያይ አምፖሎች ብቻ ተደርድረዋል። የማስታወስ አቅሙ 256 ባይት ነው፤ እስከዚህ ያነበባችሁት ጽሑፍ ሩቡ እንኳ አይገባበትም። ሆኖም ሰው ተሻማበት። ቢል ጌትስና ፖል አለን ማይክሮሶፍትን የመሠረቱት ለዚህ ሳጥን ቤዚክ የተባለውን ቋንቋ ጽፈው ነው።

(ሮበርትስ ድርጅቱን ሸጦ፣ ሕክምና ተምሮ፣ ጆርጂያ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሐኪም ሆኖ ነው የሞተው። ከኛ ሰዎች አንዱ የሄደበት መንገድ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ወደ እሱ እንደርሳለን።)

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። የወገዳው ሽማግሌ ያኔ ጎልማሳ ናቸው፤ ዛሬ የሚከራከሩበት ወሰንም የዚያ አዋጅ የልጅ ልጅ ነው። በማግስቱ ማርች 5፣ ሜንሎ ፓርክ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ጎርደን ፍሬንች በተባለ ሰው የመኪና ጋራዥ፣ አልቴርን ለማየት የጓጉ ሰዎች ተሰበሰቡ። «ሆምብሩ ኮምፒዩተር ክለብ» ያሉት ማኅበር የመጀመሪያ ስብሰባ ነው። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ሂውሌት ፓካርድ የሚሠራ ስቲቭ ዎዝኒያክ የተባለ ዓይን አፋር ወጣት ነበር። ወደ ቤቱ ሲመለስ የራሱን ማሽን መንደፍ ጀመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት አፕል 1፣ በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ አፕል 2 ወጣ። በዚያው ዓመት ኮሞዶር ፔት እና የራዲዮ ሻክ ቲአርኤስ 80 ተከተሉ። ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ገዝተህ ሶኬት ላይ የምትሰካው ኮምፒዩተር የተወለደው ያን ጊዜ ነው።

አሁን አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። የመጀመሪያው አፕል 2 የእንግሊዝኛን ትንንሽ ፊደላት መጻፍ አይችልም ነበር። ሁሉም በትልልቁ ነው። ቲአርኤስ 80ም እንዲሁ፤ የእሱ ነዳፊዎች ከስምንት የማስታወሻ ቺፖች አንዱን ቀንሰው ጥቂት ገንዘብ ለማትረፍ ሲሉ ትንንሾቹን ፊደላት መሥዋዕት አደረጓቸው። ሃያ ስድስት ፊደል ያለው ሰው፣ ሌላኛው ሃያ ስድስት በዛብኝ ብሎ የጣለበት ዘመን ነው እንግዲህ። የኛ ፊደል በዚያ ሚዛን ላይ ሲወጣ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

የነዚያ ማሽኖች ፊደል ከነጠብጣብ የተሠራ ነው፤ ወደ ጎን አምስት፣ ወደ ታች ሰባት ነጥብ። «ሀ» እዚያ ውስጥ ያለ ችግር ይቀመጣል። «ሐ»ም ትንሽ ትጨናነቃለች እንጂ ትገባለች፤ ሦስት እግር በሦስት ነጥብ፣ በእግሮቹ መካከል ሁለት ባዶ ቦታ፣ ድምር አምስት። «ሔ» ስትመጣ ግን ጉድ ፈላ። ቀኝ እግሯ ላይ ቀለበት አለ፤ ቀለበት ቀዳዳ እንዲኖረው ቢያንስ ሦስት በሦስት ነጥብ ይፈልጋል፤ ቦታው ደግሞ አልቋል። «ጬ»ን፣ «ቿ»ን፣ «ኴ»ን ማንሣቱ አያስፈልግም።

ከመልኩ ቀጥሎ ብዛቱ አለ። የአማርኛ ፊደል ገበታ ሠላሳ ምናምን ረድፍ በሰባት ዓምድ ነው፤ ዲቃሎቹ፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት ቁጥሮች፣ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ፣ የትግርኛና የሌሎች ቋንቋዎች ፊደላት ሲጨመሩ ከ340 ያልፋል። አይቢኤም ነሐሴ 1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፒሲ ውስጥ ግን የፊደል ሠንጠረዡ 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ግማሹን ደግሞ እንግሊዝኛውና ምልክቶቹ አስቀድመው ይዘውታል። የመነሻ ዋጋው 1,565 ዶላር ሆኖ፣ ከዚያ ዋጋ ጋር የሚመጣው ማስታወሻ 16 ኪሎባይት ነው። እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ፦ 345 ፊደላት እያንዳንዳቸው 16 በ16 ነጥብ ተደርገው ቢሣሉ አንዱ 32 ባይት ይወስዳል፤ ጠቅላላው 11,040 ባይት። ገና አንድ ቃል ሳይጻፍ ከማሽኑ ማስታወሻ ሁለት ሦስተኛው በፊደል ሥዕል ተያዘ ማለት ነው።

የጽሕፈት መኪናው ይኸን ችግር ቀድሞ አይቶታል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲደክሙ፣ ቀጥሎም ኦሊቬቲ መሥሪያ ቤቶችን ሲያጥለቀልቅ፣ መፍትሔው ፊደሉን መበጣጠስ ነበር፦ አካሉን አንዴ መምታት፣ ከዚያ ቅጥያውን በላዩ ላይ መምታት። ሰባቱ ቤት በአርባ ምናምን ቁልፍ ተጻፈ፤ ግን ቅጥያው አንዴ ወጥቶ አንዴ ወርዶ፣ ካዕቡ ከሣልሱ እየተምታታ። በ1940ዎቹ «ፊደላችን ይሻሻል፣ ይቀነስ» የሚለው ክርክር የጦፈው በከፊል በዚህ ማሽን የተነሣ ነው። ማሽኑ ፊደሉን መሸከም ሲያቅተው ፊደሉን ለማክሳት የታሰበበት ጊዜ ነበር። እኔ ካገኘሁት ታሪክ ሁሉ ይኸን የሚያህል የሚያስደነግጠኝ የለም።

የኮምፒዩተሩ ሰዎች ያንን መንገድ እንቢ አሉ። እነሱ እነማን ናቸው?

አብዛኞቹ አብዮቱ የበተናቸው ናቸው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በየዩኒቨርሲቲውና በየድርጅቱ የተቀመጡ፣ ማታ ማታ ከሥራ መልስ ጠረጴዛቸው ላይ የሚያመሹ ኢትዮጵያውያን። ፍሥሐ አጥላው ሲሊከን ቫሊ ውስጥ የሚሠሩ መሐንዲስ ነበሩ። ዳሽን ኢንጂነሪንግ የተባለ ድርጅት መሥርተው ከመጀመሪያዎቹ የአማርኛ የኮምፒዩተር መጻፊያዎች አንዱን በ1980ዎቹ አጋማሽ አወጡ። ዶክተር አበራ ሞላ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ ኮሎራዶ ተቀምጠው በ1987 እ.ኤ.አ. ገደማ «ሞድኢት» የተባለ ፕሮግራማቸውን አደረሱ። ሮበርትስ ከኮምፒዩተር ወደ ሕክምና ሄደ፤ አበራ ሞላ ከሕክምና ወደ ኮምፒዩተር። እሳቸው እስካሁን የሚሟገቱለት ነጥብ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ፊደል ከነሙሉ አካሉ ይጻፍ፤ እንደ ጽሕፈት መኪናው ተቀጣጥሎ አይሁን። ኋላ ዘመኑን ተከትለው «ግዕዝኤዲት» የተባለውን የስልክ መጻፊያ አውጥተዋል።

ከሁለቱና ከሌሎቹ መካከል «መጀመሪያ ማን?» የሚለው ሙግት ዛሬም አልበረደም። በግሌ ለሙግቱ ብዙም ጆሮ አልሰጥ። አንዱ በሌላው ሳይሰማ፣ በየከተማው፣ በአንድ አሠርት ዓመት ውስጥ ብዙ ሰው አንድ ነገር ላይ ተረባርቧል። የካሊፎርኒያዎቹም ታሪክ ሲመረመር እንዲሁ ነው፤ የ1977ቱ ሦስት ማሽኖች በአንድ ዓመት የወጡት አንዱ ከሌላው ሰርቆ አይደለም፤ ቺፑ ስለረከሰ ነው። እዚህም እንዲሁ ፒሲው ስለረከሰ ነው። በተለይ ደግሞ በጥር 1984 እ.ኤ.አ. የመጣው አፕል ማኪንቶሽ ፊደልን ከፋብሪካ የተዘጋ ሠንጠረዥ መሆኑን አስቀርቶ ማንም በነጥብ ሊሥለው የሚችል ሥዕል አደረገው። ስክሪኑ ሁለመናው ነጥብ ነው፤ «ሔ»ም ቀለበቷን አገኘች።

ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ በኋላ ነገሩ ከምሁራን ጠረጴዛ ወደ ገበያ ወጣ። አዲስ አበባ ላይ የግል ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። በእርሳስ ፊደል የሚለቅም ማተሚያ ቤት ያንን ሁሉ ሊያደርስ አይችልምና በየፎቁ ላይ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ተከፈተ። አጋፋሪ፣ ብራና፣ ዋሽራ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፤ የሶፍትዌሩ ዓይነት በዛ። ጸሐፊዎች የሥራ ማስታወቂያ ላይ «አማርኛ በኮምፒዩተር መጻፍ የምትችል» የሚል መስፈርት ማየት ጀመሩ። ወገዳም፣ ነፋስ መውጫም፣ መካነ ኢየሱስም የደረሰው ቆይቶ ከዚህ ከአዲስ አበባው ጎርፍ የተረፈው ነው፤ በፍሎፒ፣ ቀጥሎ በሲዲ፣ ቀጥሎ በፍላሽ እየተገለበጠ፣ በወልድያና በወረታ መሀል ቻይናዎች በጠረጉት መንገድ በአውቶቡስ እየተጫነ።

በረከቱ ግን እርግማን ይዞ መጣ። እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ ሠንጠረዥ ነበረው። 256 ቦታ ለ345 ፊደል አይበቃምና አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው ለሦስት፤ ሌላው ጥቂት ዲቃሎችን ጣለ። በአንዱ ሠንጠረዥ 65ኛው ቦታ ላይ «ሀ» የተቀመጠ እንደሆነ በሌላው «በ» ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ከነዚህ አንዱንም አያውቅም፤ እሱ የሚያስበው 65 ቁጥር የእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ትልቅ ፊደል ነው ብሎ ነው። አማርኛ የመሰለው ነገር ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደል የአማርኛ ልብስ ለብሶ ነው። ልብሱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲደርስ ራቁቱን ይቀራል።

ይኸ ያልደረሰበት ጸሐፊ የለም። ወገዳ ላይ ተጽፎ፣ በፍላሽ ተይዞ፣ ደብረ ታቦር ሌላ ኮምፒዩተር ላይ የተከፈተ ደብዳቤ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የዶላር ምልክትና የቅንፍ ትርምስ ሆኖ ይወጣል። «ወደ እንግሊዝኛ ተቀየረብኝ» ይላሉ ባለጉዳዮች። አልተቀየረም፤ መጀመሪያም እሱው ነበር። ፎንቱን አብሮ ያላመጣ ሰው ዳግመኛ ያስጽፋል፣ ዳግመኛ ይከፍላል። ፍርዱን በፎቶ ኮፒ የያዘ ሰው ከፋይሉ ባለቤት የተሻለ ተረጋግቶ ይተኛል።

ከዚህ ማጥ ያወጣን ሐሳብ የተጸነሰው ደግሞ ኮምፒዩተር ሻጮቹ ቁብ ባልሰጡት ቤት ውስጥ ነው። የፎቶ ኮፒ ማሽን አምራቹ ዜሮክስ ፓሎ አልቶ ካሊፎርኒያ ላይ ባለው የምርምር ማዕከሉ በ1973 እ.ኤ.አ. አልቶ የተባለ ኮምፒዩተር ሠርቷል፤ ማውስ አለው፣ ስክሪኑ እንደ ማኪንቶሹ በነጥብ የተሞላ ነው፤ የቀደመ ግን እሱ ነው። ዜሮክስ አልሸጠውም። በ1981 እ.ኤ.አ. ስታር የተባለውን ተተኪ ገበያ ሲያወጣ ጆ ቤከር የተባለ ባለሙያ ማሽኑ ጃፓንኛም ዐረብኛም ሩሲያኛም በአንድ ገጽ እንዲጽፍ አደረገ። ቤከር በሐምሌ 1984 እ.ኤ.አ. «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» መጽሔት ላይ ስለዚሁ ጻፈ፤ በነሐሴ 1988 ደግሞ ዩኒኮድ የሚል ስም የሰጠውን ንድፍ አቀረበ። ሊ ኮሊንስና ማርክ ዴቪስ የተባሉ የአፕል ሰዎች ተባባሪዎቹ ናቸው። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው፦ በዓለም ላይ ለሚጻፍ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር፤ ቁጥሩም በየትኛውም ማሽን ላይ ያው። ልብሱ ቢለወጥ ሰውየው አይለወጥም።

ቀላል የሆነው ሲነገር ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመው የመጀመሪያው ዩኒኮድ ውስጥ የግዕዝ ፊደል አልነበረም። እንዲገባ ባለቤቶቹ መስማማት ነበረባቸው፤ ባለቤቶቹ ደግሞ በሠንጠረዥ የተጣሉት እነዚያው የሶፍትዌር ሰዎች ናቸው። የትኞቹ ፊደላት ይግቡ? የጉራጌኛው፣ የቤንችኛው፣ የብሊንኛው እንዴት ይሁን? «ሐ»ና «ኀ»ን አንድ እናድርግ የሚል ይነሣል፣ አይሆንም የሚል ይነሣል። ፍሥሐ አጥላው፣ ዳንኤል ያዕቆብ፣ ይትና ፍርድይወቅ፣ አባስ አላምነህና ሌሎችም በስብሰባና በደብዳቤ ዓመታት ፈጁበት። ዳንኤልና ይትና ፎንት በማያስፈልግበት መንገድ፣ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል አስተካክሎ ለመጻፍ የሚያስችል ሥርዓትም አዘጋጅተው ነበር፤ ዛሬ ሰው «ሰላም»ን ለመጻፍ የሚነካቸው ቁልፎች ከዚያ ሥርዓት ብዙ አልራቁም። አባስ ደግሞ ሰናምርምር በሚል ስም ፎንቶችን ሠርቶ በነፃ አደለ፤ አንዱን በቁም ጸሐፊው በይገዙ ብሥራት ስም ሰይሞታል። የኛዎቹ ፋና ወጊዎች ትልቁ ሥራ በኔ ዓይን ማንኛውም ሶፍትዌር አይደለም። ትልቁ ሥራ እርስ በርስ መስማማታቸው ነው።

በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3 የግዕዝን ፊደል በ345 ቦታ ተቀበለ። የተቀመጠበትን አኳኋን ላሳያችሁ፤ ማንኛውም ፊደል የቆጠረ ልጅ ይገባዋልና። «ሀ» 4608 ናት። «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610፣ እያለ «ሆ» 4614። ስምንተኛው ቦታ ለዲቃላው ይተዋል። «ለ» 4616። እንዲህ እያለ፣ በሀለሐመ ቅደም ተከተል፣ የኔታ በአለንጋ እያመለከቱ ባስቆጠሩት መንገድ ይወርዳል። ከዚህ የተነሣ የፊደሉ ቁጥር ለስምንት ሲካፈል ቀሪው ዜሮ ከሆነ ግዕዝ ነው፤ አንድ ከሆነ ካዕብ፤ ሁለት ሣልስ፤ ሦስት ራብዕ፤ አምስት ሳድስ። ወገዳ 4808፣ 4872፣ 4851 ናት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በስምንት አካፍሉ፤ ቀሪ የለም፤ ወ እና ገ ግዕዝ ናቸው። ሦስተኛው ቀሪው ሦስት ነው፤ ዳ ራብዕ። የጽሕፈት መኪናው የበጣጠሰውን ገበታ ኮምፒዩተሩ በሒሳብ ገጠመው። ልጅቱ «ግ»ን ወደ «ጋ» ስትለውጥ በዘመናዊው መጻፊያ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው፦ 4877 ላይ የነበረው 4875 ይሆናል፤ በዚያው ረድፍ ሁለት ቤት ወደ ኋላ መመለስ።

ፊደሉ ቦታ አገኘ ማለት ሁሉ ተከተለ ማለት አይደለም። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያመጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። በስልክ አማርኛ መጻፍ የሁሉ ሰው ሥራ የሆነው ከዚያም በኋላ ነው። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ደግሞ የዱሮው ሠንጠረዥ አልሞተም፤ ጣቱ የለመደ ጸሐፊ በለመደው ይጽፋል፤ ታትሞ ማኅተም እስካረፈበት ድረስ ውስጡ ምን እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ችግሩ የሚታወቀው ፋይሉን ከዓመታት በኋላ ለመፈለግ የተሞከረ ዕለት ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ከሆነ «ወገዳ» ብሎ የፈለገ ወገዳን ያገኛል። በዱሮው ከሆነ ማሽኑ ወገዳ የሚባል አገር እንዳለም አያውቅ። መለወጫ ፕሮግራሞች አሉ፤ ፋይሉን በየትኛው ሠንጠረዥ እንደተጻፈ ለይቶ የሚሰጣቸው ሰው ካገኙ ይሠራሉ። የይዞታ ዶሴና የፍርድ መዝገብ ባለባቸው ኮምፒዩተሮች ላይ ይኸ ሥራ ጸሐፊዎቹ ሳይቀየሩ ቢሠራ ደግ ነበር፤ የትኛው ፋይል በምን እንደተጻፈ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው።

ከወገዳ ወደ ሰሜን፣ ጋይንት ውስጥ፣ ቤተልሔም አለች። በአገሩ ላለ ሰው ቤተልሔም ማለት ድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ፣ ነው። ከየትም ድጓ የተማረ፣ መምህር መሆን ከፈለገ፣ የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። እዚያው ጋይንት ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት፤ እስቴ ላይ ደግሞ ቆማ ፋሲለደስ በስሙ የሚጠራ የራሱ የዜማ ይትበሃል አለው። ለኮምፒዩተር ታሪክ ይኸ ምን አገባው የሚል ይኖራል። ያገባዋል።

የድጓን ገጽ ያየ ሰው ያውቀዋል። ቃሉ በቁም ጽሕፈት ተጽፏል፤ ከቃሉ በላይ ደግሞ፣ በሁለት መስመር መሀል ባለው ጠባብ ክፍተት፣ በጣም ደቃቅ የሆነ ሌላ ጽሕፈት ይርመሰመሳል። ነጥብ፣ ቅስት፣ ጭረት፣ ተርታ ነጠብጣብ። ስሞቻቸው ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ ናቸው። ድምፁ የት ይያዝ፣ የት ይውደቅ፣ የት ይቀና፣ የት ይርገብገብ የሚሉ ትእዛዞች ናቸው። ትውፊቱ ምልክቶቹን ያበጁት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይላል። ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ በቃል ሲወርድ የኖረው ዜማ በግራኝ ጦርነት ሊቃውንቱ ካለቁ በኋላ እንዳይጠፋ ነው።

በመጋቢት 2005 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 4.1 ሲወጣ፣ ከጉራጌኛ ተጨማሪ ፊደላት ጎን፣ ከ5008 እስከ 5017 ባሉት አሥር ቦታዎች ላይ እነዚሁ ስምንት ምልክቶች ከሁለት ዝርያዎቻቸው ጋር ተመዘገቡ። ይዘት 5008 ነው። የጋይንት መሪጌታ በመቃ ብዕር ብራና ላይ የሚያሰፍረው ነጥብ ቶኪዮ ባለ ኮምፒዩተር ውስጥ የራሱ ቁጥር አለው። አምስት በሰባት ነጥብ ሲለካ የነበረው ማሽን እዚህ ድረስ መጥቷል።

ግን ድጓን በኮምፒዩተር ጽፎ የጨረሰ ሰው ፈልጉ ብትሉኝ ሥራው ገና ነው እላለሁ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ምልክቶቹ ሲመዘገቡ እንደማንኛውም ፊደል ለብቻቸው የሚቆሙ ሆነው ነው፤ በፊደል አናት ላይ የሚወጡ አይደሉም። ከቃሉ በላይ የማስቀመጡን ሥራ ጽሑፉን የሚያቀናብረው ፕሮግራም ይወጣው ተብሎ ተተወ። ሁለተኛ፣ ከስምንቱ ምልክት ሌላ ሥረይ የሚባሉ አሉ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ ከታወቁ የድጓ ቃላት ላይ ተቆርጠው የተወሰዱ አንዳንድና ሁለት ሁለት ፊደላት፣ «እዚህ ላይ እንደዚያ ቃል ዚም» የሚሉ። እነሱ ተራ ፊደላት ስለሆኑ ቁጥር አላቸው፤ የጎደለው ተደቅቀው ከላይ የሚሰፍሩበት ዘዴ ነው።

ዘዴው በሌላ አገር አለ። ጃፓኖች ከአስቸጋሪ ፊደሎቻቸው በላይ ንባቡን በደቃቅ ፊደል ያስቀምጣሉ፤ ኮምፒዩተሮችም ይኸን ለነሱ ብለው ከለመዱት ቆይተዋል። ያው ዘዴ ለድጓ ሊገራ ይችላል። ልዩነቱ ይኸ ነው፦ የጃፓኑ ደቃቅ ጽሕፈት ከቃሉ በላይ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ቢል አንባቢው አይሳሳትም። ቤተልሔም ላይ ግን መምህሩ የታተመውን ገጽ ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚያዩት፣ ድፋቱ በትክክል በየትኛው ፊደል አናት ላይ እንዳረፈ ነው፤ አንድ ፊደል ወደ ቀኝ ከሸሸ ዜማው ሌላ ነው፤ ገጹም ተመልሶ ይሄዳል።